ሸክላ ወይስ ሴራሚክ? ደሴ ላይ ሰኩለንት ለምትተክሉ

ሰኩለንት (በወፍራም ቅጠሏ ውሃ የምታጠራቅም ተክል) የገዛ ጓደኛ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ «በምን ልትከላት?» ነው። መልሴ አንድ ነው፤ ሸክላ ግዙ።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። አምና ግንቦት ላይ ነጭ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ውስጥ የተተከሉ ሁለት ኢቼቬሪያ የሚባሉ ሰኩለንቶች ገዛሁ። አንዷ 850 ብር! ነሐሴ ሲገባ የአንደኛዋ የታች ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ሆኑ። ስነካቸው እጄ ላይ ይቀራሉ። ላነሳት ስል ላይ ያለው ጠጠር በኮላ ተጣብቋል። ዕቃው ደግሞ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። የሰኔ ውሃ ነሐሴም እዚያው ነበር። ሥሩ በስብሶ ግንዱ ጠቁሯል።

ዕቃዎቹን ላድን ብዬ ሴራሚክ አንጣፊ ጋ ወሰድኳቸው። ለመብሳት በአንድ 100 ብር። አንዱ በደረቁ ሲበሳ ለሁለት ተከፈለ። ሌላው ውሃ እየተደረገበት ቀስ ተብሎ ተበሳና ተረፈ። 

አሁን ሒሳቡን እዩ። ሸክላው 90 ብር፣ ከሥሩ የሚቀመጠው ሳህን 30፣ ተክሏ ብቻዋን 150። በድምሩ 270።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ቤት ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ሸክላ እርጥበቱን በጎኑም ያስወጣል፤ ሴራሚክና ፕላስቲክ አያስወጡም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ሙቀቱ ስለሚያግዛችሁ ቀዳዳ ያለው የ40 ብር ፕላስቲክ ይበቃችኋል።

ሸክላም አስመሳይ አለው። ሲሚንቶ በቀይ ቀለም ተቀብቶ «ሸክላ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ጎኑ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ጥሩ ሸክላ ወዲያው ይጠጣዋል፤ ቀለም የተቀባው ላይ ግን ይንሸራተታል። በጣታችሁም ኳ ኳ አድርጉት። በደንብ ያልተተኮሰ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ውሃ ሲደጋገምበት መፈርፈር ይጀምራል። ከጊዜ በኋላ ጎኑ ላይ ነጭ ነገር ቢወጣ አትጣሉት። የውሃው ጨው ነው፤ ባዶውን በአቼቶ ፈትጉት።

ዋልካ አፈር ብቻውን አትጠቀሙ። ግማሹ የታጠበ አሸዋ ይሁን። ከማጠጣታችሁ በፊት የጥርስ እንጨት ወደ አፈሩ ስደዱ። አፈር ይዞ ከወጣ ተዉት። እኔ ክረምት ላይ ወር ሙሉ ሳላጠጣ የማሳልፍበት ጊዜ አለ።

የበሰበሰችዋን ከጠቆረው በላይ፣ ነጭ ጤነኛ ግንድ እስካገኝ ድረስ ቆረጥኳት። አምስት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቅኳትና በዚያው የ90 ብር ሸክላ ደረቅ አሸዋ ላይ አስቀመጥኳት። ጥቅምት ላይ ቀና ሳደርጋት ክር የመሰለ ሮዝ ሥር አውጥታለች።