«ቤቱ ሞቋል» ብላችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ፦ የሂት ፓምፕ ቴርሞስታት ጉዳይ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ሂት ፓምፕ (ቤቱን በክረምት የሚያሞቅ፣ በበጋ የሚያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ማሽን) ያለው ታውንሃውስ ገዝታችሁ የገባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሴምበር ላይ ቴርሞስታታችን (ግድግዳ ላይ ሆኖ ማሽኑን የሚያዘው መሣሪያ) ስክሪኑ ጠፋ። «በስልክ የሚታዘዝ ቴርሞስታት ከነማስገጠሚያው በ250 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ሰዎች ሲቀባበሉት አይቼ ደወልኩ። ልጁ የአገራችን ልጅ ነው። በዚያው ቀን መጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ቤቱ ሞቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ ካሽ ሰጠሁት፣ እናቴ መርቃ ሸኘችው። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

የጃንዋሪ የመብራት ቢል 540 ዶላር መጣ። የዚያኛው ዓመት ጃንዋሪ 260 ነበር። ደወልኩለት። መጥቶ ደጅ ያለውን ማሽን አየና «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» አለኝ፤ የማሽኑን ዋና ሞተር ማለቱ ነው። ሙሉውን ሲስተም በ9,000 ዶላር እቀይርልሃለሁ፣ ለጊዜው 3,000 አምጣ አለ። ልሰጠው ነበር። ያስቆመችኝ ባለቤቴ ናት። «ይሄ ማሽን ዝም ያለው ቴርሞስታቱ ከተቀየረ ጀምሮ ነው። በረዶው እንኳ እላዩ ላይ እንደተቆለለ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ድሮ መኝታ ቤታችን ድረስ ይሰማ የነበረው የማሽኑ ድምፅ ከጠፋ ወር አልፎታል።

ሌላ ባለሙያ ጠራን። ይሄኛው ላይሰንስ ያለው ነው፤ መኪናውን ሳያቆም ቁጥሩን ልኮልኝ ነበር። ቴርሞስታቱን ከግድግዳው ነቀለና አሳየኝ። ብርቱካናማዋ ሽቦ በቴፕ ተጠቅልላ ግድግዳው ውስጥ ተወሽቃለች። ነጯ ደግሞ «ደብልዩ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች። የቴርሞስታቱ ሴቲንግም ሂት ፓምፕ ሳይሆን ተራ ፈርነስ (የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ተብሎ ተሞልቷል። ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው። የሚያዘው አጥቶ ነው የቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂት ፓምፕ በክረምት ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል። በበጋ ይገለበጥና የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። የምትገለብጠው አንዲት ቫልቭ ናት፤ እሷን የምታዘው ሽቦ «ኦ» ትባላለች። ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ናት። ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው «ዋይ» ነው፣ ፋኑን «ጂ»። ከዚህ ሌላ ቤት ውስጥ ባለው ማሽን ሆድ ሂት ስትሪፕ የሚባል ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ያለውን የሚግል ሽቦ አስቡት። እሱ የተቀመጠው ብርዱ ሲከፋ ሂት ፓምፑን እንዲያግዝ ነው። የሱ ሽቦ፣ በኛ ቤት ነጯ፣ መግባት ያለባት «ደብልዩ 2» ወይም «ኦክስ» የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ነው።

ሴቲንጉ ፈርነስ ስለተባለ ቴርሞስታቱ ለማሞቅ የሚያዘው «ደብልዩ»ን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ቴርሞስታቱ ከተቀየረ ወዲህ የኛ ቤት የሞቀው በዚያ ምጣድ ብቻ ነው። የኛው 10 ኪሎዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 80 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ደህና የሚሠራ ሂት ፓምፕ ብርዱ ካልበረታ ያንኑ ሙቀት በግማሹ ወይም በሲሶው መብራት ያመጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ቤቱ ስለሚሞቅ ሰው አይነቃም። የሚታወቀው ቢሉ ሲመጣ፣ አለዚያም በጋ ገብቶ ቀዝቃዛ አየር ስትጠብቁ ትኩስ ሲነፍስባችሁ ነው።

ባለሙያው ሽቦዎቹን በየቦታቸው መለሰ፣ ሴቲንጉን አስተካከለ። 20 ደቂቃ ፈጀበት፣ 150 ዶላር ከፈልኩ። ደጅ ያለው ማሽን ሲነሳ እናቴ እልል አለች።

እናንተም ቤታችሁን ዛሬውኑ ሞክሩት። ብርዱ ቀለል ባለበት ቀን ቴርሞስታቱን ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጉና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ኮምፕሬሰሩን ለመጠበቅ ሲባል ወዲያው ላይነሳ ይችላል። ከዚያ ደጅ ውጡ። ቤቱ እየሞቀ የውጪው ማሽን ዝም ካለ ችግር አለ ማለት ነው። በረዷማ ቀን ማሽኑ አልፎ አልፎ ሲጨስ ብታዩ ግን አትደንግጡ። እንፋሎት ነው፤ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው። እሱን አሳይቶ «ተቃጥሏል» የሚላችሁን አትመኑ።

ራሳችሁ ልትቀይሩ ካሰባችሁ የውስጡንም የውጪውንም ብሬከር አጥፉ። አሮጌው ሳይነቀል ሽቦዎቹን ፎቶ አንሱ። ቀለም አትከተሉ፤ እያንዳንዷ ሽቦ የወጣችበትን ፊደል ጻፉባት። ቀለሙ ከቤት ቤት ይለያያል። አብዛኛው ማሽን ቫልቩን የሚያዘው በማቀዝቀዣ ሰዓት ነው፣ ሪምና ሩድ የሚባሉት የማሽን ብራንዶች ግን በማሞቂያ ሰዓት ነው፤ ሴቲንጉ ላይ «ኦ» ወይም «ቢ» ብሎ የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ብሬከሩ ሳይጠፋ «ሲ» የምትባለዋ የመመለሻ ሽቦ ኃይል ከምታመጣው «አር» ጋር ከተነካካች ፊውዙ ይቃጠላል። ከግድግዳው ወፋፍራም ሽቦ ከወጣ ደግሞ በፍጹም አትንኩት። እሱ እንደነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎች 24 ቮልት ሳይሆን 120 ወይም 240 ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይገድላል።

ሰው የምታስመጡ ከሆነ ላይሰንሱን ጠይቁ። የሜሪላንድ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር) ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይጣራል። ያ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ደውላችሁ ልጁ ከመጣ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት «ኦ የምትለዋ ሽቦ የት ገባች? አሳየኝ» በሉት። ከዚያ አብራችሁ ደጅ ውጡና ማሽኑ ሲነሳ ስሙ።