ዴስክቶፕ አልነሳም ላላችሁ፦ ይሄን ልጅ እወቁት

ይህን የምጽፈው አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ለማመስገን ነው። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቶ ለብቻ መያዝ ደግሞ ደስ አይልም።

መገናኛ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰኔ ለእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ወር ነው፤ ተማሪው እርማቱን ይዞ ይሰለፋል። በዚያ ወከባ መሃል መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሲመለስ ዋናው ዴስክቶፕ አልነሳም አለ። ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ትንሽ ይዞርና ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ጭልም።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ኬዙን እንኳ ሳይከፍት ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ፣ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። የሚሸጠውም እዚያው ተደርድሯል! «ቆይ፣ እኔ የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ ወደዚህ ባለሙያ የመራኝ አንድ ደንበኛዬ ነው።

ልጁ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ። የጠፋው መብራት ሲመጣ ነው? የሚሸት ነገር ነበር? ድምጽ አሰማ? ከዚያ «እህቴ፣ መጀመሪያ ዳታው ይውጣ» አለና ሃርድ ዲስኩን ፈቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። የተማሪዎቹ ፋይል በሙሉ አለ። ነፍሴ መለስ አለች። ገልብጦ ሰጠኝና ሥራዬን በሌላኛው ማሽን ቀጠልኩ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አራቆተው። ሲዲ ማጫወቻው፣ ትርፍ ራሙ፣ የማያስፈልገው ሁሉ ወጣ። የቀረውን አንድ ራም እግሩን በላጲስ ጠርጎ መልሶ ሰካው። ያው ነው። ያኔ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ከማዘርቦርዱ ነቀለና ትልቁ ሶኬት ላይ ያለውን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኘው። ለካ ያለ ማዘርቦርድ የሚነሳው እንዲህ ነው። ቴስተሩን እንዳየው ወደ እኔ አዞረልኝ። ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት መስጠት አለበት፤ ከ11.4 በታች ከወረደ ጤነኛ አይደለም። የእኔው ባዶውን ሲሆን 12 ገደማ ያሳያል፤ ትንሽ ጭነት ሲጨመርበት ግን 9 ድረስ ይወርዳል።

«ማዘርቦርድሽ ምንም አልሆነ፤ የሚበላው አጥቶ ነው» አለኝ።

በቃሉ ብቻ እንዳምነው አልፈለገም። ከመደርደሪያው ሌላ ፓወር ሰፕላይ አውርዶ ሲሰካው ማሽኑ ተነሳ። የድሮውን ሲመልስበት ያው ዞር ብሎ ቀጥ። በኋላ አሮጌውን ከፍቶ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) አሳየኝ። ይሄን ግን እቤታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ያስቸግረኝ ነበር። ይሄንንም ሳልነግረው ደረሰበት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ደክማ ኖሯል። ባለ 3 ቮልት ናት፣ የትም ትገኛለች። ቀየራት፣ አለቀ።

ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ነገረኝ፤ መጨረሻ ላይም ያንኑ ተቀበለ። የገጠመልኝ ፓወር ሰፕላይ ያገለገለ መሆኑን አልደበቀም፣ ዋስትናም ሰጥቶኛል። የእኔ የተገጣጠመ ማሽን ስለሆነ የሚሆነው በቀላሉ ተገኘ። አንዳንድ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ግን ሶኬታቸው የራሳቸው ስለሆነ ማንኛውም አይገባላቸውም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ንገሩት።

እንከን አይጠፋምና፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ጠረጴዛውም የተፈታ ዕቃ ክምር ነው፤ መቀመጫ ፈልጋችሁ ነው የምትቀመጡት። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ኬዙን ሳይከፍት የሚፈርደው ባለሙያ ነው።

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን፣ ግዢ ብሎኝ ገዝቻለሁ። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አያቆየውም፤ ሁለቱን የምታምታቱ ካላችሁ ልብ በሉ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ኬዙን ብቻ ያዙ፤ ሞኒተርና ኪቦርድ እዚያው አለው።