ስምንት ወር ከፍሪአርቶስ ጋር፦ አራት ቦርድና አንድ የእንቁላል መፈልፈያ

ወንድሜ ጫጩት አስፈልፍሎ ይሸጣል። የመፈልፈያ ማሽኑን የሚቆጣጠሩ አራት የኢኤስፒ32 ቦርዶችን (ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው) ካን በሚባል መልእክት በሚለዋወጡበት ገመድ አያይዤ፣ ፍሪአርቶስ የሚባል ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስኬድ አነስተኛ ስርዓተ ክወና ጭኜ ሠራሁለት። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ማሞቂያው በሰዓቱ ካልጠፋ ጽንሱ ይሞታል።

ፍሪአርቶስ በአንድ ቺፕ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ልብ ያሳርፋል። ለእያንዳንዱ ታስክ (ፕሮግራሙ ለሚከፋፈልበት ሥራ) የቅድሚያ ደረጃ ትሰጡታላችሁ፤ የበላዩ ሲነቃ የበታቹ ወዲያው ይለቃል። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነፃ ፈቃድ ስለሆነ ክፍያ የለውም።

ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ወር ነበር። የሙቀት መቆጣጠሪያው ታስክ ከሁሉም የበላይ ሆኖ ሳለ አልፎ አልፎ ይዘገያል። ሁለት ሳምንት ፈለግኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፦ ሴንሰሩና ሚሞሪ ካርዱ የሚጋሩትን መስመር ባይነሪ ሴማፎር በሚባል ቀላል ቁልፍ ቆልፌዋለሁ። ካርድ ላይ የሚጽፈው ዝቅተኛ ታስክ ቁልፉን እንደያዘ መካከለኛው የስክሪን ታስክ ይመጣና ኮሩን (ሥራውን የሚያስኬደውን የቺፑን ክፍል) ይነጥቀዋል፤ የበላዩ ደጅ ሲጠና ይቆያል። ሚውቴክስ በሚባል ሌላ ዓይነት ቁልፍ ስተካው ተፈታ፤ ሚውቴክስ ቁልፉን ለያዘው ታስክ የሚጠብቀውን ታስክ ደረጃ ያውሰዋልና። በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው መንኮራኩር ፓዝፋይንደር፣ በሌላ ስርዓት በቪኤክስወርክስ ብትሠራም፣ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ እንደ አዲስ ይነሳ የነበረው በዚሁ ዓይነት ችግር ነው፤ መፍትሔውም ከምድር ተላከላት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በኢኤስፒ-አይዲኤፍ (የኢኤስፒ32 ፕሮግራም መሥሪያ) ፍሪአርቶስ ጊዜ የሚቆጥርበት የሰዓት ምት ካልቀየራችሁት በሰከንድ 100 ነው። አንዱ ምት 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ «5 ሚሊሰከንድ ጠብቅ» ያላችሁት ዜሮ ሆኖ ይቀራል። እኔ 1000 አድርጌዋለሁ።

ከአንድ ቦርድ ሲያልፍ ግን ፍሪአርቶስ ብቻችሁን ይተዋችኋል። ስለ ጎረቤት ቦርድ የሚያውቀው የለም፤ የቦርዶቹ ሰዓትም እያደር ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ቦርድ በየሰከንዱ የሰዓት መልእክት እንዲልክ አደረግኩ። በካን ላይ ሁለት መልእክት ሲጋጭ ትንሹ መለያ ቁጥር ስለሚቀድም፣ ለእሱ ከሁሉም ያነሰውን ሰጠሁት። ሦስት መልእክት በተከታታይ ያመለጠው ቦርድ ማሞቂያውን በራሱ ያጠፋል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ከስምንቱ ወር አብዛኛውን የበላውም እሱ ነው። ልትጀምሩ ካሰባችሁ ጊዜያችሁን ለዚህ መድቡ።

ፍሪአርቶስን የሰው ሕይወት ለተያያዘበት መሣሪያ እንዳለ አልጠቀምበትም፤ ለዚያ ሴፍአርቶስ የሚባል የደህንነት ማረጋገጫ ያለው ሌላ ምርት አለ። ለመፈልፈያው ግን ዛሬም የሚሠራው ፍሪአርቶስ ነው። ባለፈው ሳምንት ለእርጥበት መቆጣጠሪያ አምስተኛ ቦርድ ጨምሬበታለሁ።