ለቅዳሜ ገበያዋ ሸክላ ሠሪ እናት ምስጋና፤ ትንንሽ የሰው ቅርጽ መሥራት ለምትፈልጉም ጥቆማ

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በትርፍ ጊዜያችሁ ትንንሽ የሰው ቅርጽ የምትሠሩ ወይም መጀመር የምትፈልጉ ይህን አንብቡልኝ። ቅዳሜ ገበያ ጀበናና ምጣድ የሚሸጡ አንድ ሸክላ ሠሪ እናት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ እኔ እንደምጠራቸው «እማማ» እያልኩ ልቀጥል። ጭቃ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን «ይህንንማ አልነግርህም» ብለውኝ አያውቁም።

የሰው ቅርጽ አሠራር ከቪዲዮ ስንማር ከሁለት ነገሮች አንዱ ይጠየቃል፦ 130 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ የሚበስለው ፖሊመር ክሌይ የሚባል የፕላስቲክ ጭቃ፣ ወይም ሁለቱ ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚጠነክረው ኢፖክሲ ፑቲ የሚባል ሊጥ መሰል ነገር። በእነዚህ 54 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሰው ጣቶቹ ሳይቀሩ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ የሽቦ አጽም፣ ከዚያ ሥጋው፣ በመጨረሻም ልብሱ። ከውጭ የሚያመጣልን ሰው ለሌለን ግን ያለን የአገራችን ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እማማ ገና ሽቦውን እጄ ላይ ሲያዩ «ይሄን ተወው ልጄ፤ ጭቃው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሽቦህ አይሰበሰብም፣ መሐል ለመሐል ይተረትረዋል» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ሸክላ እስኪደርቅና እስኪተኮስ ድረስ ከመጠኑ እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊያንስ ይችላል።

ሽቦ ከሌለ ቅርጹ የሚቆመው በራሱ ነው። ስለዚህ እኔ የምሠራቸው ሰዎች ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ከዚያ ካነሱ እጅና እግሩ ገና በጥሬው ይሰበራል። እማማ ያሳዩኝ ብልሃት ጋቢውን ነው። ጭቃውን በጠርሙስ ዳምጠው አሳሱና ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት፣ ጫፉንም ከኋላ እስከ መሬት አወረዱት። ልብስ የመሰለው ጋቢ ለካ ምሰሶም ነው። የጎጃም ገበሬ በቁምጣ ስለሚቆም ቀጭኑ ቅልጥሙ ብቻውን ሰውነቱን አይችልም፤ ከኋላ የወረደው ጋቢ ግን ይሸከመዋል። እጥፋቱንም ዝም ብሎ መስመር መጫር አይሆንም። ጨርቁ የተንጠለጠለበትን ቦታ፣ ትከሻውንና ክርኑን ፈልጎ እጥፋቱን ከዚያ ማስነሳት ነው።

ልኬቱን በመጠኑ ከመጻሕፍት አውቀው ነበር። የሰው ቁመት የጭንቅላቱን ርዝመት ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ነው፤ ዓይን የሚቀመጠው የጭንቅላቱ አጋማሽ ላይ እንጂ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ወደ ግንባሩ ተጠግቶ አይደለም፤ ክንድ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከቁመት ጋር ይስተካከላል። አቋቋምን ግን ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን የሰቀለበትን ሰው ሠርቼ ሳሳያቸው ምንም ሳይሉ ወደ እህል ተራው ጠቆሙኝ። እዚያ እንደዚያው የቆመ ሰውዬ ነበር። «በየትኛው እግሩ ነው የቆመው?» አሉኝ። በቀኙ ነበር። ቀኝ ዳሌው ከፍ ብሏል፣ ቀኝ ትከሻው ደግሞ ዝቅ፤ የጉሮሮው ጉድጓድ ከቀኝ ተረከዙ ትክክል ነው፣ ግራ ጉልበቱም ላላ ብሏል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ሰዓት የሚያስተምሩትን ነገር እሳቸው ጀበና እየሸጡ በአንድ ጥያቄ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሰው ሁሉ አንድ እግሩ ላይ ያርፋል፤ ሕይወት ያለው የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ወደ ጭቃው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። እማማ የተሰበረ ሸክላ አይጥሉም። ገሉን ወቅጠው፣ ነፍተው ከአፈሩ ጋር ያሹታል፤ ገል ያለበት ጭቃ ሲደርቅም ሆነ እሳት ላይ እንደ ልቡ አይሰነጠቅም። ለእኔ ሥራ በደንብ የላመውን ይሰጡኛል፤ ሻካራው ፊትና ጣት አያወጣም። ክንድ ከትከሻ ሲገጠም ሁለቱንም ወገን በወስፌ ጫር ጫር አድርጎ በቀጠነ ጭቃ ማጣበቅ ነው። ወስፌ ካላችሁ ሌላ መሣሪያ እምብዛም አያስፈልጋችሁም፤ ዓይኑም ከንፈሩም በእሱ ይወጣል። ለዱላው ደግሞ መዳፉ ውስጥ ስንደዶ ይሰካል። እሳቱ ስንደዶውን ይበላውና ቀዳዳው ይቀራል፤ ከዚያ እውነተኛ ጭራሮ ታስገባላችሁ። ቀዳዳው ስለሚጠብ ስንደዶው ከጭራሮው ወፈር ይበል።

ማድረቅ በጥላ ነው፣ ያለ ችኮላ። ውስጡ ያልደረቀ ቅርጽ እሳት ሲነካው ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል፤ አጠገቡ ያለውንም ጀበና ይዞት ይሄዳል። እማማ ስለዚህ ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ይፈትሹታል። ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው፣ ይመልሱታል። ወፍራም አካል ያለው ከሆነም ከሥር ቦርቡሩት ይላሉ። ይህን ጥንቃቄ የሚያደርጉት ለሰው ዕቃ ነው፣ ለዚያውም እኛ የምናመጣው አሻንጉሊት የሚያክል ነገር የዕለት ገቢያቸው አጠገብ ለሚቀመጥ።

በአደባባይ ላመሰግናቸው የፈለግሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በዐዋጅ ከከለከሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ሆኖም በአገራችን ሸክላ የሚሠራን ሰው «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ፣ በጀበናው ግን ቡናውን የሚጠጣ ሰው ዛሬም አለ። እኔ ከእማማ ያየሁት ዕውቀትና ደግነት ነው። ያወቅሁትን ከማን እንዳወቅሁት ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ሥራ ይበዛባቸዋል። የታሸ ጭቃ ይሸጣሉ፣ የደረቀ ቅርጽም ተቀብለው ከራሳቸው ዕቃ ጋር ይተኩሳሉ። የሚተኩሱት የራሳቸው ዕቃ ሲሞላ ስለሆነ ለነገ አድርሱልኝ አትበሏቸው። ክረምት ላይ ሜዳው ርጥብ ነው፣ ኩበቱም አይደርቅም፤ ያኔ አይተኩሱም። ስለ ዋጋ አትከራከሩ፤ የሚጠይቁት የማገዶውን ያህል እንኳ አይሆንም። ፎቶ ለማንሳት ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

እማማ፣ ልጅዎ ይህን ታነብልዎታለች። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያየሁትን የአገው ፈረሰኛ ጀምሬዋለሁ፤ እንዳሉኝም የፈረሱን ሆድ ጉቶ ላይ አሳርፌዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ይዤው እመጣለሁ፣ በጉንጭዎ ይፈትሹልኛል።