ወረቀቱን አይታችሁ ቤት እንዳትለቁ፦ ለኬዝ ወርከራችን ምስጋና

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው ሳሎናችን ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ እዚህ ቤት መቀመጥ የቻልነው ከእግዚአብሔር በታች በአንዲት ሴት ነው።

ባለቤቴ ኡበር ይሠራል። ባለፈው ዊንተር መኪናውን መቱትና ወገቡን ተጎድቶ ቤት ዋለ። የእኔ ደሞዝ ብቻውን ኪራዩን አልገፋውም። እቁባችንም ገና አልደረሰንም። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አሥር ቀን ይላል። ሌላውን አላነበብኩትም፣ ጉልበቴ ከዳኝ። በዚያው ሌሊት የልጆቹን ልብስ በጥቁር ፌስታል ማሰር ጀመርኩ። አንዲት ጓደኛዬ ቤዝመንቷን ልትሰጠን ነበር። ገበናችን ሳይወጣ፣ ሰው ሳይሰማ ውልቅ ልንል ነው።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት «እስኪ መጀመሪያ 311 ደውሉ» ያለችን። እኛ ያለንበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ስልክ ነው። «አምሃሪክ» ስል አስተርጓሚ አገናኙኝ። ከዚያ ቤት አልባነትን ለመከላከል ከሚሠራው ክፍል ይህች ኬዝ ወርከር፣ ማለት ጉዳያችንን የምትከታተል ሠራተኛ፣ ደረሰችን። ሐበሻ አይደለችም። በአስተርጓሚ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዕቃ አስራችኋል?» ብላ ነው። አዎ አልኩ። «ፍቱት» አለችኝ።

ብዙዎቻችን የማናውቀውን ያኔ ነገረችን። በሜሪላንድ ያ ወረቀት «ውጡ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። አከራዩ ባልተከፈለ ኪራይ ክስ ከመመሥረቱ በፊት የሚሰጠው የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ በኋላ ገና ፍርድ ቤት አለ። አከራይ በራሱ ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃ ማውጣት አይችልም። ቢፈረድ እንኳ የሚያስወጣው በሸሪፍ ነው። ሸሪፉ እስኪያስወጣ ድረስም ዕዳውን ሙሉ ከፍሎ ቤቱን ማትረፍ ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የተፈረደበት ሰው ግን ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል፣ እሱን ልብ በሉ። እኛ ግን በራሳችን እግር ልንወጣ ነበር! ስንቱ ወገናችን ወረቀቱን ብቻ አይቶ በእፍረት ወጥቶ ይሆን?

ቢሮዋ ስንሄድ ያለንን ወረቀት ሁሉ አምጡ ብላን ነበር። እኔ የማኒ ኦርደር ጉራጆችን በብስኩት ቆርቆሮ ነው የማስቀምጠው። ቆርቆሮውን እንዳለ ይዤላት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸውና ማኔጅመንቱ (ቤቱን የሚያስተዳድሩት) ከላከው ሌጀር (የኪራይ ክፍያ መዝገብ) ጋር በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አመሳከረች። አንደኛው የለም። የከፈልነው ገንዘብ አልተመዘገበልንም! እዚያው ደወለችላቸው። ስልኩ ሙዚቃ እያሰማ አርባ ደቂቃ አቆያት። ምሳዋን፣ አንድ ፖም፣ እዚያው እየገመጠች ጠበቀች። አንዴም ፊቷ አልጠቆረም። ያ ገንዘብ ተገኘና ዕዳችን ቀነሰ። ካውንቲው ከቀሪው የሚበዛውን ሸፈነልን፣ ክፍያውም በቀጥታ ለአከራዩ ነው የሚሄደው። እኛም የቻልነውን ጨመርን።

ክሱ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር። ተከፍሏል ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል አለችን። ሄድን። በ2021 በወጣ ሕግ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራዮች ነፃ ጠበቃ አለ፣ ከእሱም ያገናኘችን እሷ ናት። ፍርድ ቤቱም በነፃ አስተርጓሚ ይሰጣል። ክሱ ተነሣልን።

ሌላም አለ። ባለቤቴ የሚያውቃቸው፣ መኪና ውስጥ የሚያድሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ስለሳቸው ስንነግራት የት እንደሚመዘገቡ አሳየችን። እያንዳንዱ ሼልተር (መጠለያ) በር ላይ ታሪክን እንደ አዲስ መናገር የለም። አንዴ ይጠይቋችኋል፦ ጤናችሁን፣ ደጅ የቆያችሁበትን ጊዜ። ከዚያ አገልግሎት ሰጪዎቹ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይሠራሉ፣ በጣም የተቸገረው ይቀድማል። ጋሼ አሁን ሼልተር ናቸው፣ ቤት እየጠበቁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ልቤን ያመዋል። ቢሆንም ከመኪናው ወጥተዋል።

እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ለሁሉም አይደርስም። የገቢ ወሰን አለው፣ የሚያልቅበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ወር እስኪደራረብ አትጠብቁ፣ አንዱን ወር መክፈል ሲያቅታችሁ ደውሉ። ከካውንቲው ውጭ ያላችሁ ሜሪላንድ ውስጥ 211 ሞክሩ። ሌዛችሁን (የኪራይ ውሉን)፣ ቼክ ስታባችሁን (የደሞዝ ወረቀቱን)፣ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዙ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ በእናንተ ሞት!

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ለአለቃዋ ግን በደብዳቤ ጽፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቢሮዋ ሄጄ ነበር። እጄን ይዛ «ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም፣ ይልቅ ለማኅበረሰባችሁ ንገሪልኝ» አለች። ድፎውን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። አደራዋን ደግሞ ይኸው አድርሻለሁ።