የግሬድ ማስያው አፕ ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ግን አስተካክሉት

ግሬድ የተለቀቀ ማታ ኮምቦልቻ ዶርም ውስጥ ይህን የጂፒኤ (የአማካይ ውጤት) ማስያ አፕ ጫንኩት። ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ወደድኩለት። 3.44 ሲለኝ ግን ክው አልኩ።

እስክሪብቶ አንስቼ የእያንዳንዱን ኮርስ ክሬዲት በግሬዱ ነጥብ እያባዛሁ በእጄ ሠራሁት። ባለ 5 ክሬዲቱ ቢ ፕላስ 17.5፣ ባለ 3ቱ ኤ 12፣ ሌላው ባለ 3 ኤ ማይነስ 11.25፣ ባለ 4ቱ ቢ 12። ድምሩ 52.75፣ ለ15ቱ ክሬዲት ሲካፈል 3.52! ለካ አፑ ቢ ፕላስን 3.3፣ ኤ ማይነስን 3.7 ብሎ ነው የሚይዘው፤ የአሜሪካኖቹን አቆጣጠር። እኛ ጋ 3.5 እና 3.75 ናቸው። ሴቲንግ ገብቼ ቀየርኩት፣ ልክ መጣ።

ማስታወቂያው ይበዛል። ከላይኛው አልጋ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ ይሄው አፕ ባሳያት ቁጥር አልቅሳ ነበር፤ ተነስተን የሷንም ደግመን ሠራነው።