ሎውሃብ፦ ለኤልሳት ስምንት ወር የተለማመድኩበት

ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ለማመልከት የመግቢያ ፈተናውን ኤልሳትን የምታጠኑ ካላችሁ፣ ሎውሃብ ስለሚባለው የኦንላይን መለማመጃ የጻፍኩት ይህ ለእናንተ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሌሊት አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ትንሽ አሸልብና ላይብረሪ እገባለሁ።

መጀመሪያ 900 ዶላር ከፍዬ ሌላ የኦንላይን ኮርስ ጀምሬ ነበር። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው የእንቆቅልሽ ዓይነት ጥያቄዎች ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል፤ እነሱ ግን ኦክቶበር ላይ ያንኑ ያስጠኑኝ ነበር። ስድስት ሳምንት እንቅልፌን የሠዋሁት ለማይመጣ ጥያቄ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሎውሃብ የኤልሳክ ነው፤ ኤልሳክ ደግሞ ኤልሳትን ራሱን የሚያወጣው ድርጅት ነው። በነጻ ስትመዘገቡ ጥቂት ፈተናዎች ታገኛላችሁ። እኔ ለዓመት 120 ዶላር ከፈልኩና ከ50 በላይ የቀድሞ ፈተናዎች ተከፈቱልኝ። ስክሪኑ የፈተናው ዕለት ከሚመጣው ጋር አንድ ነው፤ ማድመቂያው፣ ማስመሪያው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ የሚቆጥረው ሰዓት ሳይቀር። ስፈተን እጄ የለመደው ቦታ ላይ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ውጤት 143 ነጥብ ነበር። ስህተቶቼን ሳገላብጥ «አንለስ» (ካልሆነ በቀር) የሚለው ቃል ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ስቻለሁ። ደብተር አወጣሁና በአማርኛ ጻፍኩት፦ «ዝናብ ካልዘነበ ጤፍ አይበቅልም።» ታዲያ ዘነበ ማለት ጤፉ በቀለ ማለት ነው? አይደለም፤ መጀመሪያ መዘራት አለበት። ጤፉ በቅሎ ካየሁ ግን ዘንቧል ማለት እችላለሁ። «የግድ የሚያስፈልግ» እና «ብቻውን የሚበቃ» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አሳሳቹ ምርጫም ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ያቀያይራል። አባቴ እርሻ ላይ የሚያውቀውን ነገር እኔ በእንግሊዝኛ ሲመጣብኝ አጥቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ከባድ ዓረፍተ ነገር ባጋጠመኝ ቁጥር በአማርኛ እገለብጠዋለሁ። እውነተኛው ፈተና ላይ 157 አመጣሁ።

ሎውሃብ መለማመጃ እንጂ መምህር አይደለም፤ ለምን እንደተሳሳታችሁ የምትጽፉበት ደብተር ያዙ።

ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ምንም ሳትከፍሉ በፊት ለኤልሳክ የክፍያ ነጻነት አመልክቱ። ከተፈቀደላችሁ የፈተናው ክፍያ ይቀርላችኋል፤ የሎውሃብ የአንድ ዓመት አባልነትም አብሮ የሚሰጥበት ደረጃ አለ። እኔ የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ዲግሪያችሁ የሀገር ቤት ከሆነ ደግሞ ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ ለኤልሳክ መላክ አለበት። ጥናቱን ሳትጀምሩ እሱን አስጀምሩ፤ ወንድሜ በየሳምንቱ ሬጅስትራር ቢሮ እየተመላለሰልኝ እንኳ የእኔ ሦስት ወር ፈጅቷል።